ከሁለት እስከ ሁለት

ጥር ነው፤ ክሬማን ጉም ውጧት አደረ፣
ወንዙም በድምፁ ብቻ ወንዝ ሆኖ ቀረ።
እኔ መብራት ሥር ነኝ፤ ከንጋት ጀምሬ
ዐሥራ ሁለት ቡኒ ክንዴ ላይ ደርድሬ።

አባቴ ፈረስ ነጋዴ ነበር፤ ቡኒን በፈረስ ነው ያስተማረኝ፣
ፋብሪካው ሌላ ስም ቢሰጠው አይገባኝ።
ይሄ ዳማ፣ ይሄ መጋላ፣
ያ ዳለቻ፣ ያኛው ቡላ፤
ክዳኑ ላይ የተጻፈው ግን «ገለልተኛ ቀለም»፤
ወገን የሌለው ቡኒ እስካሁን አላየሁም።

መጋላው ግሩም ነው፤ ቅቤ መስሎ ጣት ላይ ይተኛል፣
ቡላው ኖራ ነው፤ ብናኙ ጉንጭ ላይ ይዘንባል።
ዳማው ሁለቴ ካልደረቡት አይታይም፣
ዳለቻውን ገና አላመንኩትም።
ሎሬዳና ሣጥኑን ከወገቧ ቁመት ለቀቀችው፤
አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው
ዳለቻው ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ተከፈለ።
«አንድ ሞተ» ብላ መዝገቡ ላይ አሰፈረችው።

ከጧቱ ሁለት ሰዓት። ኤርሲሊያ ደረሰች፣
ብስክሌቷን ከግንቡ አስደግፋ፣ እርጥብ ኮፍያዋን አውልቃ ተቀመጠች።
ሰባ አንድ ዓመቷ፤ ዕድሜዋን ፖስታ ቤት ማኅተም ስትመታ የኖረች።
የዓይኗ ቆብ ራሱ ደብዳቤ ነው፤
ብዙ ጊዜ ተነብቦ፣ ብዙ ጊዜ ታጥፎ የተቀመጠ።
የመረጥናትም ለዚሁ፤
በኮረዳ ቆብ ላይ የትኛውም ቀለም ታማኝ ነው።

በቀኙ የኛን መጋላ፣ በግራው የተቀናቃኙን
ቀባሁና አነበብኩላት ሕጉን፤
አይሹት። አይታጠቡ። አይተኙ።
«ማልቀስስ?» አለችኝ፣ ቀልዷን ይሁን የምሯን።
ወረቀቱን ገለበጥኩት። ስለ ልቅሶ ዝም ይላል።

ስትኳል ዓይኗን አጠፋች ተብሎ ይተረታል፤
እኔ ቤት የሚጠፋው ኩሉ ነው፤ ዓይኑ ይቀራል።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁለቱም ደኅና።
ዐሥር ሰዓት ላይ የግራው በእጥፋቱ መስመር ሠራ፤
የኛው ንቅንቅ የለም። ልቤ በስውር ኮራ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። ጉሙ ራሱ ይዟት የመጣ መሰለኝ።
መብራቱን ወደ ፊቷ ሳዞር አንድ ነገር ጎደለኝ፤
ጠርዙ አለ፣ ጥጉ አለ፤ የቀኙ መሐል ግን ራቁቱን፣
ሞላላ፣ የአውራ ጣት ልክ፣ ያሳያል ቆዳውን።

«ነኩት እንዴ?»
«እኔ አልነካሁትም።»
ዓይነ ደረቅ አይደለችም፤ የምትዋሽ አልመሰለኝም።

ጓንቷን ስታፍተለትል ቆይታ፣
ኤቫሪስቶ ጋ ነበርኩ፣ አለች፤
አረጋውያን ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮት ዳር።
ባሌ ነው። ሦስት ዓመቱ «እርስዎ» እያለ ሲጠራኝ፣
ወንበር እየሳበ እንደ እንግዳ ሲያከብረኝ።
ዛሬ ትክ ብሎ አየኝ፣ ቅንድቡን ሰብስቦ፤
«አንቺ፣ አፈር ነክቶሻል» አለኝ፣ ወደ ፊቴ ቀርቦ፤
አውራ ጣቱን በምራቁ አራሰና
ጠረገልኝ።

ቅጹ ላይ አራት ሣጥን አለ፤ ላብ፣ ቅባት፣ ዝናብ፣ ፍትጊያ።
«አንቺ» ለምትለው ቃል የለውም ማረፊያ።
«ከስሌት ውጪ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሥራዬ ነው።
ፎቶው ይሰረዝ ይላል ደንቡ፤ እሱን ግን አልሰረዝኩትም፣
አርባ ዩሮዋን ስሰጣትም ሎሬዳናን አላየኋትም።
በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «የናንተው ይሻላል» አለችኝ፤
«የግራው ከሰዓት በኋላ ሲያሳክክ ዋለብኝ።»

ሌሊት ክንዴን በዘይት አሸሁ፤ ዐሥራ ሁለቱም ለቀቀ፣
ሙሉ የፈረስ ጋጣ ነጩ ጥጥ ላይ ወደቀ።

ያ አውራ ጣት ግን አሁን፣
ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮት ዳር፣
ነርሷ በሳሙና አጥባው ይሆናል፣
ወይ ብርድ ልብሱ ጠጥቶት፣
ወይ ገና ከጥፍሩ ሥር መጋላ እንዳዘለ ተኝቷል፤
ስንት ሰዓት እንደቆየ
የመዘገበ የለም።