ከሦስት መስመር ባልበለጠ

በጀልባ መጣልኝ፣ ከዱቄቱ ጋራ፣
ጥጉ ጨው የጠጣ፣ ማኅተሙ ያልጠራ፣
የሚኒስቴር ቅጽ። ተራ ቁጥር አራት፦
«የትምህርት ቤቱን ተልዕኮና እሴት
ከሦስት መስመር ባልበለጠ ይግለጹ» ይላል፤
ሦስቱም መስመር ተሰምሮ፣ ዙሪያው ታጥሯል።

እኔ ባልዶሜሮ፣ ርእሰ መምህሩ፣
(ደወል መቺው፣ ገንዘብ ያዡ፣ እንጨት ፈላጩም እኔው ነኝ ቢቆጠሩ)
ከቺሎዌ ደሴቶች በአንዷ፣ ካርታ በሚዘላት፣
ዐሥራ አንድ ተማሪ እንጂ ሐኪም በሌላት፣
ብዕሬን አነሣሁ።
«ብቁ ዜጋ ማፍራት…» ብዬ ጀመርኩና
ሰረዝኩት፤ እዚህ አገር የሚያፈራው ፖም ነውና።
«የነገውን ትውልድ መቅረጽ…» እሱንም ሰረዝኩ፤
ልጁ እንጨት ሆኖ ታየኝ፣ መጥረቢያዬን አሰብኩ።

ውጭ፣ ከበሩ ቀኝ፣ ሳንቃው ግድግዳ ላይ፣
በጀልባ ቀለም የተጻፉ፣ ከባሕሩ የሚታዩ፣
አራት ቃላት አሉ፦
ሥራ። መከባበር። ትዕግሥት። እውነት።
ማን እንደጻፋቸው የሚያውቅ የለም፤ ጻፊው ሞቷል ይሉናል፤
ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ ይልሳቸዋል፤
በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ትምህርት ሳይከፈት፣
ኦቲሊያ በብሩሽ ታነሣቸዋለች ከሞት።

ኦቲሊያ ምሳችን ናት። የልጆቹን እርጥብ ካልሲ
ከምድጃው በላይ ሰቅላ፣ ሲደርቅ የትኛው የማን እንደሆነ
ጨብጣ ብቻ የምታውቅ።
ደብዳቤ ሲመጣላት፣ «መነጽሬን ረሳሁ፣ አንተ አንብብልኝ» ትላለች፤
ስድስት ዓመት ሙሉ አነበብኩላት፤
ስድስት ዓመት ሙሉ መነጽር አድርጋ አይቻት አላውቅም፤
አልጠየቅሁም።
(ለዚህ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም።)

ዘንድሮ ዝናቡ በረታ። ከአራቱ ቃላት መጨረሻ
አንዷን ፊደል ወሰዳት፣ ሳይተው ማስታወሻ፤
ኦቲሊያም ያየችውን፣ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ፣
አድምቃ ቀባችው፣ ከዳር እስከ ዳር ድረስ፦
«እውነ»።

ትልልቆቹ ተጠቃቀሱ። አንዱ አፉን በእጁ ያዘ።
ሚያራይ ግን አልሳቀችም። ሰባት ዓመቷ ነው፤
የፊት ጥርሶቿ በአንድ ሳምንት ወልቀው
«ት» በዪ ሲሏት የምታፏጭ፣
የጎደለው ሰው ሲሳቅበት ምን እንደሚሰማው የምታውቅ።
ለእረፍት ሲወጡ፣ ከምድጃው ከሰል ለቅማ፣
ከ«ነ» ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ በስሱ ሞላችው፤
ኦቲሊያን በሽርጧ ጎትታ፣
«ይቺ ወድቃ ነበር፤ ስሟ ‹ት› ነው» አለቻት፣ በፉጨት።
«ት» አለች ኦቲሊያም፣ የስልሳ ሁለት ዓመቷ፤
የመጀመሪያ ፊደሏን
ከነፉጨቱ ተማረች።

በመስኮት አየኋቸው።
ደወሉ እጄ ውስጥ ነበር። አልደወልኩም።
ድንቹ ባልዲው ውስጥ ግማሽ ልጡ እንዳለ፣
ከ«ት» ወደ «ነ»፣ ከ«ነ» ወደ «ው»፣
እውነትን በጭራዋ ይዘው ወደ ራሷ ሲወጡ
ሰባት ደቂቃ አለፈ።
እኔም መዝገቡ ላይ «በሰዓቱ ተደወለ» ብዬ ጻፍኩ፣
ያንን ቃል ከጀርባዬ አድርጌ።

ጀልባው ሐሙስ ይመለሳል፤ ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።
በመጀመሪያ መዝገቡን አውጥቼ አረምኩት።
ከዚያ በአንደኛው መስመር፦ «ደወላችን ሰባት ደቂቃ ዘገየ።»
በሁለተኛው፦ «ምክንያቱ በቂ ነበር።»
ሦስተኛውን ባዶ ተውኩት፤
ኦቲሊያ ከመጨረሻው ጀምራ መከባበር ላይ ደርሳለች፣
ሥራ ብቻ ነው የቀራት፤
ስትጨርስ እሷው ትሙላበት።
ሚኒስቴሩ «አልተሟላም» ብሎ ቢመልሰውም፣
ጀልባው እንደሆነ ሐሙስ ሐሙስ አለ።