የእሳት ራት

ከሃይማ ወጣ ሲሉ፣ በሳላላ መንገድ፣
ሰባ ኪሎ ሜትር ነው ያለ አንዲት ግንድ።
ቀን አስፋልቱ ይፈላል፤ ጫማ ይዞ ይቀራል፤
ስለዚህ ሥራችን ሲመሽ ይጀምራል።

ከፊት መጥረጊያው ይሄዳል፣ ሬንጅ ማፍሰሻው ተከትሎ፣
ጉልዛር ሮለሩ ላይ አለ፣ ሻሹን ባፍንጫው ጠቅልሎ፣
ቢርባል ኮን ይደረድራል፣ እየቆጠረ በኔፓልኛ፤
መቶ ሜትር ከኋላቸው እኔ ነኝ፣ የመጨረሻው ዘበኛ።

"ምንድን ነው ሥራህ?" ስትለኝ እናቴ ከባቲ ደውላ፣
"ሹፌር ነኝ" ብዬ አልፋለሁ፣ እውነቱን ትቼ ከኋላ።
እውነቱማ፦ መኪናዬ ጭነት የለውም ከአሸዋ ሌላ፤
ጀርባው እንደ ፍራሽ የታጠፈ ብረት አለው፤
ተኝቶ የሚነዳ ካለ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።
"ላንተ ለመገጨት ይከፈልሃል፣ እኛ የምንገጨው በነጻ ነው" አለኝ
ጉልዛር አንድ ሌሊት ሲቀልድ፤ ሻዩ ከሳቄ ጋር አነቀኝ።

አምና መብራት አብዝተን ነበር፤ ጣሪያው ላይ ሦስት የሚሽከረከር፣
በጎን በኩል የሚጠቅስ፣ ከኋላ የፍላጻ ሰሌዳ፣ ፓውዛም ሲጨመር፣
ሠርግ ቤት መሰልን በምድረ በዳ፣ ከበሮ ብቻ የቀረው፤
"ይህን የማያይ" አልን፣ "ፈጣሪ ዓይኑን ያወረው!"

የደኅንነቱ ኃላፊ ሳሌም፣ የሐራሲስ ተወላጅ፣
ጉም ሳይመጣ ባፍንጫው የሚያውቅ፣ የዚያው የበረሃ ልጅ፣
ቆሞ አየንና አንድ ምሽት፣ "ግማሹን አጥፉት፣ ይበቃል፤
የደከመ ሰው እጁ ዓይኑን ይከተላል።"
"ፈራሻ" አላት በጣቱ፣ መብራቱን ስትዞር አሳይቶ፤
ባገሬ ስሟን አውቃለሁ፦ የእሳት ራት። ግን ማን ሰምቶ!

ጥር ላይ ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ ጉሙ እንደ ጥጥ ተጋድሟል፤
የራቴን ሣህን ከፍቻለሁ፣ ሩዙ ገና ይጨሳል።
መስታወቴ ውስጥ ሁለት ነጥብ፣ ከምስር ፍሬ ያነሱ፤
ወደ ግራ ይወጣሉ ስል፣ እያበጡ ደረሱ።
ቀጥ ብሎ መጣ፣ ቀጥ ብሎ፣
ደጃፍ እንዳየ እንግዳ፣ ልቡ ተደላድሎ።

ብረቱ ታጠፈ። አሸዋው ተደፋ። ሩዙ ጣሪያው ላይ ተለጠፈ።
ቢርባል ፊሽካውን ነፋ፤ ጉልዛር ዘሎ ወረደ፤ ሁሉም ተረፈ።

ሹፌሩን ጎትተን አወጣነው፦ ከዱቅም ዓሣ የጫነ፣
ቡሽራ ይባላል፣ ሱዳናዊ፣ ዐሥራ አራት ሰዓት መሪ ላይ የባከነ።
ዓሣው ከነበረዶው ተበትኖ አስፋልቱ ላይ ያበራል፤
አፌ እርግማን ሞልቶታል፣ እጄም ለጥፊ ይቃጣል፤
እሱ ግን የጉልዛርን ሻሽ ግንባሩ ላይ ጫን አድርጎ፣
"ሌሊቱን ሙሉ ጨለማ ነበር" አለ።
"ብርሃን አየሁ።
ሰው አለ ብዬ መጣሁ።"

ለዚህ ምን መልስ አለው?
ጥፊዬ እዚያው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

አሁን ጣሪያዬ ላይ አንድ ነው፤ ቢጫ፤ ዝግ ብሎ የሚዞር፤
ፍላጻው "በዚያ እለፍ" ይላል እንጂ፣ "ና" ብሎ አያባብልም ከሩቅ አገር።
ፓውዛው ወደ መሬት ዞሯል፣ የቢርባልን እጅ ብቻ ያሳያል፤
ኮኑ ድሮ ከሚጀምርበት ርቋል፤ ሳሌም ራሱ በእርምጃ ይለካል።

ቅንድቤ ላይ ጠባሳ አለ። እናቴ በስልክ አይታው፣
"ምን ነካህ?" አለችኝ ደንግጣ።
"በሬን እንግዳ መታው።"
"ታዲያ አስገባኸው?" አለች።

ሥራ ከመጀመሬ በፊት እርጥብ ጨርቅ ይዤ እወጣለሁ፤
መብራቱ ላይ የቀረውን የክንፍ ዱቄት እጠርጋለሁ።
አንዳንዷ ነፍስ አላት ገና፤ በመዳፌ አፍኜ
ወደ ጨለማው እወስዳታለሁ፣ "ሂጂ" እላታለሁ ለምኜ።
ተመልሳ ትመጣለች።

ራቴን አሁን የምበላው ሲነጋ ነው።