በሁለተኛ ማርሽ

ጦሳ ጉሙን እንደ ደረበ፣ ደሴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣
ያማሃዋን በእጅ ገፋናት፣ በጓሮ በር ልናመልጥ፤
እናቴ ብትሰማን፣ «በዚህ ጉልበትህ?» ብላ በጮኸች፤
ሞተሯም ገብቷት መሰል፣ እስከ አስፋልቱ ዝም ብላ ተከተለች።

ድሮ እርሱ ነበረ ፊት፣ እኔ ከኋላ፣
ጃኬቱን ጨብጬ፣ ነፋሱን ስበላ፤
የግብርና ሠራተኛ፣ የዘር ስንዴ ጭኖ፣
ለየመንደሩ የሚደርስ፣ አቧራ መስሎ፣ አቧራ ሆኖ።
ዛሬ ጉልበቱ እንደ ተመታ ቸርኬ ጠመመ፤
መሪው እጄ ገባ፣ እርሱ ወገቤ ላይ ተጠመጠመ።
«በሽሎን አንዴ ልየው» ብሎኝ ነበር ባለፈው፣
ጨው አቀብዪኝ እንደሚል፣ ቀለል አድርጎ ነው።

ቦሩ ሜዳን ስናልፍ፣ ብርዱ ጥርስ አወጣ፤
ኩታበር ላይ ቆመን፣ በዝንጅብል ሻይ ልንጠጣ፤
ሻይ ሻጯ ሁለታችንን አይታ፣ «ነጂው ማነው?» አለች፤
«ሹፌሬ ናት ሉባባ፤ ልጄም ትሆናለች፤
ደሞዝ ግን የላትም» ሲል አባዬ ሳቀላት፣
«ለእሷም ለሞተሯም፣ ነዳጅ ነው የማጠጣት።»

ከዚያ ምድር አለቀ።
እንዲሁ፤ ባንድ ኩርባ።
ያ ሁሉ ሜዳ፣ ያ ሁሉ ገብስ፣
ቢላ እንዳረፈበት ድፎ ዳቦ፣ ጫፉ ላይ ቀጥ አለ፤
ከሥሩ ሰማይ አለ፤
ከሰማዩ ሥር ሌላ ተራራ፣ በግንባሩ ተደፍቶ፣
ከእርሱም ሥር ጭጋግ፣ ጭጋጉን አሞራ ቀዶት ገብቶ፤
ከሁሉም ሥር አንዲት ክር።
«ያውልሽ» አለኝ በጆሮዬ። ስሙን አልጠራውም።

«በሁለተኛ ውረጂ፤ ፍሬኑን አታምልኪው፤
ማርሹ ራሱ ይይዝሻል፣ አንቺ ኩርባውን ብቻ እይው።
ገደል ያየ ነጂ፣ ወደ ገደል ይሳባል፤
ሞተር እንደ በቅሎ ነው፣ ዓይንሽን ይሰማል።»

ወረድን። ብርዱ ከላይ ቀረ።
በአንድ ሰዓት ውስጥ ገብሱ ማሽላ፣ ጽዱ ግራር ሆነ።
ማርሚታዋ ስትስል፣ ገደሉ መልሶ ሳለባት።
አህያ የሚነዳ ሰው፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፈን፣
እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ሰላም ግቡ» ብሎ መረቀን።

ከድልድዩ በፊት፣ የኋላው ጎማ ተነፈሰ።
ከመነዳሪውን ስናወጣው፣ ዘጠኝ ልጥፍ ቆጠርን፤
አባዬ ሁሉንም በስማቸው ያውቃቸዋል፦
«ይቺ የጊምባ እሾህ፣ ይቺ የአጅባር ሚስማር፣
ይቺ አንቺ የተወለድሽ ለት፣ ስከንፍ ከወግዲ ዳር።»
ከመነዳሪ ሠላሳ ዓመት አይኖርም።
አልተከራከርኩትም።
አሥረኛውን ለጠፍን፤ ስም አላወጣንለትም።

በሽሎ ከቅርብ ሲያዩት ክር አይደለም፤
ጭቃ መልክ ነው፣ ድንጋይ ያኝካል፣ ሰላም አይልም።
አባዬ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ነከረ፤
እኔን ሳይሆን ውሃውን ሲያናግር ነበረ።
ሦስት ቃል ብቻ ሰማሁ፤
«አራጋው» የሚል፣ «በቅሎ» የሚል፣ «ክረምት» የሚል።
አልጠየቅሁም።
ከሥራ ባልደረቦቹ ፎቶ፣ አንድ ሰው ላይ ጣቱ ሲቆም
ልጅ ሆኜ አይቻለሁ።

ደላንታ ላይ ወጣን፣ ፀሐይ ጎኗን ስታዞር፤
ወገል ጤና መግቢያ፣ አንድ ጎረምሳ መዳፉን ከፈተ፦
ኦፓል፤ ከሽንብራ ብዙም የማይበልጥ፣ ውስጡ እሳት ያለበት።
«ውሃ አታጠጡት፤ ከጠጣ ቀለሙ ይጠፋል፤
አትደንግጡ ግን፤ ሲደርቅ ይመለሳል።»
አባዬ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው፤
ብዙ ቆየ። መለሰለት።
ያለን ብር የነዳጅ ነው።

ስንመለስ መሸ። ገደሉ ጠፋ፤
የቀረን መብራቷ የምታሳየን፣ አንድ አንድ ኩርባ ነው።
እንቅልፍ ሲጥለው በጋቢው ከወገቤ ጋር አሰርኩት፤
ጢሙ ማጅራቴን ይወጋል፣ ትንፋሹ ዝንጅብል ይሸታል።
ሽቅቡን ስንጀምር፣
ከኋላዬ፣ እንቅልፉ ውስጥ፣
ግራ እግሩ አየሩን ረገጠ፦
አንዴ፣
ወደ ሁለተኛ።
እኔም ቀየርኩ።