ካርታዬ ወጣ ወይ?

ቀን ቀን መስኮት ላይ ነኝ፣ ሽምብጥ፣ ከመሬት ቢሮ፣
በብረት ፍርግርግ ተቆራርጦ ይታየኛል የሰው ኑሮ።
"ካርታዬ ወጣ ወይ?" ይሉኛል፣ ደረሰኝ እንደ ክታብ ይዘው፤
"አልወጣም፣ ማክሰኞ ይምጡ።" አፌ ለምዶታል፣ እኔ ሳልለምደው።

በእኛ ቋንቋ አንድ ቃል ነው፣
የመሬቱም፣ የአገሩም፣ የቁማሩም።

ማታ ግን የራሴን ካርታ አወጣለሁ፤
ከተጣለ ማኅደር ጀርባ በመቀስ የቆረጥሁት፣
በመሥሪያ ቤት እስክርቢቶ እጄ እንደመራኝ የሣልሁት።
ሠላሳ አንድ ናቸው። ሠዓሊ አይደለሁም፤
ጉማሬዬን ያየ "ድንች ነው" ቢል አልቀየምም።
አንዱ ላይ የደንገል ታንኳ፣ ቀዛፊ የሌለው፣
አንዱ ላይ ባለ ከረጢት ወፍ፣ ያልዋጠውን ዓሣ የሚያላምጠው፣
አንዱ ላይ ነጠላ ጫማ፣ እንቦጭ መሐል የተገኘ፣ የግራ፣
አንዱ ላይ የጎረቤት በር፣ ነፋስ ሲነካው የሚጣራ።
አንዱ ባዶ ነው። ረስቼው አይደለም፤ ፈርቼው ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። መብራት ሲሄድ፣ መቼም አይቀር፣ ሻማ፤
ዓይን ጨፍኖ አንድ መሳብ፤ ከዚያ ደብተር፣
ሻማው ጣት እስኪያክል መጻፍ፣
ሳይሰርዙ፣ ሳያሳምሩ፣ "ሰው ቢያየውስ" ሳይሉ።

መጀመሪያ ሌሊት የወጣችው ያቺ የግራ ጫማ ናት።
ስለ ሐይቁ ልጽፍ ነበር፣ ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ንጋት፤
እጄ ግን ስለ አንዲት አሮጊት ጻፈ፣ ውርስ ልታዛውር የመጣች፣
"ፎቶኮፒ ይጎድላል" ብዬ ሦስቴ የመለስኋት፣
በአራተኛው የቀረች።

እንዬ ግድግዳ ትጋራኛለች፤ ወደቡ ላይ ዓሣ ትሰነጥቃለች፣
ጥፍሯ ሥር ቅርፊት ያበራል። አንድ ማታ ክብሪት ፍለጋ መጣች፤
ካርታዎቹን አየች፤ አማተበች።
"አንቺ! ጥንቆላ ጀመርሽ?"
"የለም። ጠንቋይ ነገን ይናገራል፤
እነዚህ ይጠይቃሉ እንጂ አይመልሱም።"
"ታዲያ ማን ይመልሳል?"
ደብተሩን አሳየኋት።
"እኔ ፊደል አልቆጠርሁ።"
"ተናገሪ፤ እኔ እጅሽ እሆናለሁ።"

ሳበች። ታንኳው ወጣ።
ዝም አለች። ከሐይቁ በኩል የጉማሬ ትንፋሽ መጣ።

"ወንድሜ ይበልጣል ሊነጋጋ ሲል ዘጌ ሄደ፣ እንጨት ሊያመጣ።
ማታ ታንኳው ብቻውን መጣ።
እንጨቱ እንኳ አልራሰም፤ እንደ ታሰረ ነበር።
እናቴ አነደደችው። ምን ታድርግ፣ ክረምት ነበር።
እኔም ሞቅሁ።
ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ለማንም አልተነፈስሁም፤
ሞቅሁ፣ ደስ አለኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።"

"ደስ አለኝ" የሚለው ላይ እስክርቢቶዬ ቆመ።
"ጻፊው" አለች። "እንዳልሁት ጻፊው።"
ጻፍሁት። አንብቢልኝ አለች፤ አነበብሁላት።
የሌላ ሴት ታሪክ እንደሚሰማ ሰው ራሷን እየነቀነቀች ሰማች፤
"ምስኪን፣ ልጅ ነበረች" አለች በመጨረሻ፣
ማንን እንዳለች ሳትነግረኝ።

ካርታውን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።
"ይሄ የኔ ነው" አለች። ማኅተም አልጠየቀችም።
ክብሪቱን ረስታው ሄደች።

አሁን ሠላሳ ናቸው። ታንኳውን ደግሜ አልሣልሁም፤
አንዳንድ ሌሊት ጣቴ እሱ የነበረበት ላይ ይደርስና ይቆማል፣
ያን ጊዜ ስለ ጎደለው እጽፋለሁ።
ባዶው ካርታ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፤
ወይ እጄ ያውቀዋል፣ እየሸሸ።

ማክሰኞ አቶ አንዳርጌ መጡ፣ ደረሰኛቸው በላስቲክ ተጠቅልሎ፤
"ካርታዬ ወጣ ወይ?"
"አልወጣም" ልል አፌን ከፈትሁ፤
ሰባት ዓመት ፋይል የተሸከመው ወንበር አጠገቤ ነበር።
ፋይሉን መሬት አወረድሁት።
"በጎን በር ይግቡ" አልኋቸው፣ "ይቀመጡ።
ቦታው ምን ይመስላል? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።"