አመንቴ የነፋው ፊሽካ

የግቢዬ በር ቋሚ የባቡር ሐዲድ ነው፣
ነቅለው ሲቸበችቡት በኪሎ የገዛነው።
አንዳንዴ ሲመሻሽ፣ ሰው እንዳያይ ሰግቼ፣
እንደ ልጅነቴ ጆሮዬን ለጥፌ፣ ትንፋሼን ገትቼ
አዳምጠዋለሁ።
ተገትሮ የሚውል ሐዲድ ምን ይነግረኛል?
ያም ሆኖ ከሩቅ፣ ከዱከም ማዶ፣
አንድ ነገር የሚመጣ ይመስለኛል።

ያኔ
ፋብሪካችን ቡድን ነበረው፤ ቡድኑም ባቡር ነበረው።
ቅዳሜ፣ የሌሊት ፈረቃ ሲያበቃ፣ ጥጡን ከጠጉራችን ሳናራግፈው
ወደ አቃቂ ጣቢያ ሩጫ ነው።
«ልዩ ባቡር» ይሉታል፤ ልዩነቱን እንጃ፤
ወንበሩ ጣውላ፣ መብራቱ ጭላንጭል፣ መስኮቱ ያለ መጋረጃ።
ልዩ ያደረግነው እኛው ነን፤
ዘርጋው ከነከበሮው፣
ሽፋ ከሽመና ክፍል፣ ጡሩምባው ጉሮሮው፣
ወልደየስ በአንድ እጁ ዳቦ፣ በአንድ እጁ ባንዲራ፣
እልፍነሽ ከፈተል ክፍል፣ ስትሳደብ የምታኮራ!
ብቻዋን እልፍ ናት፤ ስሟን ያወጣላት አልተሳሳተም፤
ዳኛ ሲያዳላ ካየች እስከ ሰባት ቤቱ አትምረውም።

ዱከም ላይ ድምፅ ስናሟሽ፣ ደብረ ዘይት ላይ ሲሞቅ፣
ሞጆ ስንደርስ እንግዲህ ዘፋኝና አጃቢ አይታወቅ።
ናዝሬት ብርቱካን በመስኮት፣ ወለንጪቲ አቧራ፣
መተሐራ፣ ሐይቁ ላይ፣ ባቡሩ በውሃ የሚሄድ ሲመስል
ዝም፤ አንድ ሰው አያወራ።

ትኬት ቆራጩ አመንቴ «ትኬት!» እያለ ይመጣል፤
ግማሹ «ከኋላ ነው ያለው፣ ወንድሜ ጋ» ይለዋል፤
ወደ ኋላ ይሄዳል፤
ኋላም «ከፊት ነው» ይሉታል።

ግጥሚያውን? አላስታውሰውም።
ድሬዳዋ ላይ ሦስት ለዜሮ መሰለኝ፤ አራትም አይጠፋውም።

ስንመለስ ነው ነገሩ።
ከአዋሽ ወዲህ፣ በሌሊት፣ ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና
ቆመ። ሜዳው ጨለማ፤ ጅብ እንደ ተሸናፊ ይጮኽና
ይተዋል።
መካኒኩ ከሥር ገባ። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት።
ሾፌሩ የፊት መብራቱን ለቀቀው፤ እሾሁ፣ ሣሩ ነጣበት።
ወልደየስም ኳሷን ወረወራት።

የፊት ፉርጎ ከኋላ ፉርጎ፤ ጎሉ ሁለት ሁለት ድንጋይ፤
ከብርሃን የወጣች ኳስ አውት ናት፣ ከዚያ ወዲያ አይታይ።
ዳኛው አመንቴ ሆነ፣ ፊሽካ ያለው እሱ ብቻ፤
እልፍነሽ ጫማዋን ጣለች፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ በመቀነቻ።

ሁለት ለሁለት ነበርን። ይኼን በደንብ አስታውሳለሁ።
ሽፋ ከግራ አሻገራት፤ በመብራቱ ውስጥ ስታልፍ
ጥላዋ ከሁላችንም ገዘፈ።
እልፍነሽ መታቻት፤
ሞተሩ በዚያችው ቅጽበት ተነሣ፤
አመንቴም ፊሽካውን ነፋ፤
ኳሷም በድንጋዮቹ መሀል አለፈች፤
የቱ እንደቀደመ ግን ጠፋ።

ፊሽካው የጨዋታው ማብቂያ ነው ወይስ የጉዞ?
እስከ አቃቂ ተሟገትን፣ አንዱ የአንዱን ኮሌታ ይዞ።
ሰኞም፣ ማሽኑ እየጮኸ፣ በምልክት።
አመንቴን ስንጠይቀው ኪሱን ይነካና ይስቃል፤
«እኔ ሥራዬን ሠራሁ» ይላል።

አሁን አዲሱ ባቡር ሽው ይላል፣ መስኮቱ አይከፈትም፤
ንጹሕ ነው፣ ፈጣን ነው፤ አልጠላውም።
የልጅ ልጄ ኳስ በስልኩ ያያል፤
«ለሦስት ለዜሮ ሁለት ቀን ሙሉ?» ብሎ ያዝንልኛል።

ዘርጋው የለም። ወልደየስ ሐዋሳ ነው፣ ልጁ ዘንድ።
አመንቴን ባለፈው ጥቅምት ቀበርነው።
ድንኳኑ ውስጥ እልፍነሽ በምርኩዟ መጣች፤
ከሚስቱ ጎን ተቀምጣ የሚገባውን ያህል አለቀሰች።
ከዚያ፣ እንባዋን ሳትጠርግ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣
«ምንም ሳይነግርህ?» አለች።
«ምንም።»
«ገብታ ነበር» አለች።

በረኛው እኔ ነበርኩ።
እጄን ያወረድኩት ፊሽካውን ሰምቼ ይሁን
ኳሷን ፈርቼ፣ ዛሬም አላውቀው።
ዝም አልኳት።
ከውጭ የሆነ መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው፤
ሁለታችንም ብድግ ልንል ነበር።