ሁለት እጅ

ስትታጠፍ ጣት ታህላለች፣
ከእስክሪብቶዬ ጎን ትውላለች።
ምላጯ የአይሱዙ ባሌስትራ፣
ጎንደር መንገድ ላይ የተሰበረ፣ የስንቱን ጭነት መከራ
ችሎ ችሎ የደከመ፣
ከቁርጥራጭ ክምር ተመርጦ፣ እሳት ገብቶ የታከመ።
እጀታዋ የሎሚ እንጨት፤
ለማገዶ ታጭቶ ነበር፣ ከምድጃ አፍ ነው ያስቀሯት።

ምንይችል ነው የሠራት፤ ሽምብጥ፣ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ፣ ወናፍ የሚነፋው፣
ቀን "እጁ ወርቅ ነው" የሚሉት፣ ሲመሽ ዓይኑን የሚሸሹት፣ እሱም ይህን የማይጠፋው።

"በአንድ እጅ የምትከፈት፣ ቶሎ የምትዘረጋ
አድርጋት" ብዬው ነበር፣ ስንከራከር በዋጋ።
"አላደርግም" አለኝ፣ ሞረዱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፤
ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣ ቃሉን አንድ በአንድ አላምጦ፦
"ንዴት አንድ እጅ ነው፤ ሳይጠሩት ይሮጣል።
ሥራ ግን ሁለት እጅ ነው፤ መጀመሪያ ይይዛል፣ ከዚያ ይቆርጣል።
ለሥራ ከሆነ ልሥራልህ፤ ለሌላ ከሆነ ሌላ ጋ ሂድ።"
ከዋጋው ግን አልቀነሰም፤ አንድ ብር እንኳ፣ አንድ።

ጭነት ተቀባይ ነኝ፤ ከደብረ ታቦር፣ ከመተማ፣ ከዳንግላ
የመጣውን አወርዳለሁ፤ ገመዱን እሷ ትበላ፣
ካርቶኑን እሷ ትክፈት። ትናንት የሽንኩርት ጆንያ፣
ዛሬ የሟች ልብስ፣ በአንሶላ የታሰረ፣ ተቀባይ ያጣ፣ መድረሻው መናኸሪያ።

ባንክ በር ላይ ፈታሿ፣ ኪሴን ዳብሳ አወጣቻት፤
በጣቷ ርዝመት ለካቻት።
"ለምንህ ናት?"
"ለገመድ።"
"እስቲ ክፈታት።"
ስታገላት፣ ላብ ላብ ሲለኝ፣ ጥፍሬ ሲሰበር አይታ ሳቀች፤
"በዚች እስክትዘርፍ ባንኩ ይዘጋል" አለች፤
ካርድ ቁጥር አሥራ አንድ ሰጥታኝ፣ ከጃንጥላ ጋር አስቀመጠች።

ቅዳሜ ማታ ግን፣
ከጣና ዳር መንገድ፣ ከልጄ ከአምሮት ጋራ፣
ይብራዎቹ ከዓሣ አራጆች እግር ሥር ሲጋፉ በተራ፣
ፀሐይ ወደ ዘጌ ስታዘቀዝቅ፣
አንድ ባጃጅ መጣ፤ መብራት የለው፣ ጡሩምባ የለው፣
የቀሚሷን ጫፍ ነክቶ ቆመ። "ልጅህን አትይዝም?" ያለው
እሱ ነው! እሱ!
ደሜ ጆሮዬ ውስጥ ፈላ፤
ሰንጢዋ ወጥታለች። እጄ ቀደመ፣ እኔ ኋላ።
አውራ ጣቴ ገፋት፤ አልተነቃነቀችም።
ደግሜ ገፋሁ፤ እንቢ አለች፣ አልሰማችም።
ሌላ እጅ ትሻለች። ሌላው እጄ ደግሞ ሥራ ላይ ነበር፣
አምስት ትንንሽ ጣቶች ይዞ፣ ከአስፋልቱ ዳር።

ልክፈታት ብል፣ ልጄን መልቀቅ ነው።

አልለቀቅሁም።
ባጃጁ ጭሱን ትቶ፣ ወደ ጊዮርጊስ ታጠፈ፤
እሷም እንደታጠፈች ናት፤ ንዴቴም፣ በግድ፣ ታጠፈ።

"አባ፣ ለምን አወጣኻት?"
"ለማንጎ።"
"የታለ ማንጎው?"

ኪሴን ብፈትሽ፣ ከዚያች ውሸት በቀር ምንም የለም።
ስለዚህ ሄድን። አንደኛዋ ነጋዴ ጠቅልላለች፤
ሁለተኛዋ ዘይቱን ብቻ ነው ያላት፣ እሱኑ ታሞግሳለች፤
ሦስተኛዋ፣ በስልኳ መብራት ዘንቢሏን በርብራ፣
አንድ የቀረ፣ ጎኑ የጠቆረ፣ ሸጠችልን ሳታፍር፣ ሳትፈራ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ማንጎውን አምሮት ያዘች።
እኔ በሁለት እጄ ከፈትኳት፤ ቀጭ አለች።
የጠቆረውን ለጣና፣
ቢጫውን ለልጄ፣
ፍሬውን ለኔ፤ ስመጠው፣ ስመጠው፣ ክሩ ጥርሴ መሐል እስኪቀር።

ሰኞ፣ ዘይት ላስነካት ብዬ፣ ምንይችል ጋ ወሰድኳት።
ከፈታት፣ ዘጋት፣ አሸተታት። ማንጎ።
"ጠበቀች መሰለኝ፤ ላላላልህ?"
"ተዋት።"