የደረቀ ዶሮ ሒሳብ

ስልሳ አምስት ሊሞላኝ ሦስት ወር ሲቀረኝ
የማላውቀው ሰው ሁሉ ወዳጅ ሆነብኝ።
የፖስታ ሣጥኔ በካርድ ተሞልቶ፣
አንዱ ባንዲራ ለብሶ፣ አንዱ አበባ አውጥቶ፤
«ነፃ እራት፣ ነፃ ትምህርት፣ ግዴታ የለብዎ፣
ሜዲኬርን አብረን እንፍታው፣ ይምጡልን እባክዎ።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ በጎማ መደብር፣
የሰው ሣንቲም ስደምር፣ ስቀንስ፣ ስቆጥር፣
አንድ ነገር ለመድኩ፤
«ነፃ» የሚል ደረሰኝ ባየሁ ቁጥር
ገልብጬ አያለሁ፣ ከጀርባው አይጠፋም ቁጥር።

ኦዴል ግን ሳቀብኝ፣ አውቶቡስ ነጂው ጎረቤቴ፤
አጥሩን ተደግፎ፣ «ስሚኝማ» አለኝ፣ «እመቤቴ፣
አምስት ስብሰባ ሄድኩ፣ አምስት ዶሮ በላሁ፣
አንድም አልፈረምኩም፣ እንደ ሄድኩ መጣሁ።»

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ከዴይተን ከተማ ጥግ፣
ከሥጋ ቤቱ ጓሮ፣ ምንጣፉ ካረጀ አዳራሽ፤
ሃያ ሁለት ሽበታም፣ ሦስት ምርኩዝ፣ አንድ የኦክስጅን ጋሪ፣
ተደርድረን ተቀመጥን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ።

ብሬንት ይባላል መምህሩ።
በስተርጅና ፊደል አስቆጠረን፤
ኤ ለሆስፒታል አልጋ፣ ቢ ለሐኪም ጉብኝት፣
ሲን ዘሎ መጀመሪያ፣ ዲ ለመድኃኒት፤
ወደ ሲ ሲመለስ ግን ድምፁ ማር ሆነለት፣
እንደ በኩር ልጁ ስም ደጋግሞ ጠራት።
ለጥርስም፣ ለመነጽርም፣ ለዋና ገንዳም ቃል ገባ፤
ዶሮው ቀዘቀዘ፣ አፋችን ሳይገባ።

እውነቱን ልናገር፣ ባዶዬን አልወጣሁም፤
በጊዜው ያልተመዘገበ ቅጣት አለበት፣
ወር በወር የሚቆረጥ፣ ዕድሜ ልክ የሚከተል።
ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር።
ከገቢው ረድፍ አሰፈርኩለት።

ከዚያ እጄን አወጣሁ፤
«የልብ ክኒን አለኝ፣ ጠዋት ጠዋት የምውጠው፣
ዶክተር ኦኮንስኪ ናት ሃያ ዓመት ልቤን የምታዳምጠው፤
እሷም ክኒኑም፣ እዚያ ሲ ውስጥ አሉ?»
ፈገግታው አልጎደለም፣ ዓይኑ ግን ሰዓቱን አየ።
«ግሩም ጥያቄ!» አለ፤ «ለብቻችን እንነጋገራለን።»
መልስ ስጠብቅ፣ ቅጽ መጣልኝ።

ስም። የትውልድ ቀን። ስልክ።
እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ፤
የራሴን ልሰጠው ሳስብ፣ የሎዌልን ጻፍኩለት።
ሎዌል ባሌ ነው፤ ካረፈ አሥራ አራት ወሩ፣
ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ አልተዘጋም መስመሩ፤
እሑድ እሑድ ቻርጅ አደርገዋለሁ፣
በየወሩ አሥራ አምስት ዶላር እከፍላለሁ፣
ለምን ብትሉኝ፣ የሒሳብ ሰው ሆኜ መልስ አጣለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሣህን ሳጥብ፣
መሳቢያው ጮኸ።
የባቡር ፊሽካ!
እሱ የመረጠው፣ በቀብር ላይ ሳይቀር ያሳፈረኝ፣
«ቀይረው» ብዬ ስንት ዓመት የለመንኩት።
ሳሙናው ከክርኔ እየተንጠባጠበ
ቆሜ ሰማሁት፣ አምስት ጊዜ፣ እስኪያበቃ።
ብሬንት ሎዌልን ፈለገው።
አርብም ፈለገው፤ ቅዳሜም።

በሳምንቱ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ።
እዚያ ዶሮ የለም፤ የላስቲክ ወንበርና ውኃ ብቻ፣
ሚስ ታልቦትም፣ ምንም የማትሸጥ የኬሚስትሪ አስተማሪ፣
የክኒኔን ስም ፊደል በፊደል ጻፈች፣
መነጽሯን አውልቃ ኮምፒውተሩን አየች፣
«ይህን አላውቅም፤ ጠይቄ ልንገርሽ» አለች።
አላውቅም!
ያን ማታ ሙሉ፣ ከዚያ ሁሉ ቃል መሐል
ያልሰማሁት ይህንን ነበር።

ኦዴል ትናንት ጠየቀኝ፣ «እንዴት ነው፣ ያዋጣል?»
«ዶሮው ደርቋል» አልኩት፤ «የቅጣቱ ነገር ግን ይጠቅማል።
ጥያቄህን ጽፈህ ሂድ፣ እስክሪብቶህን ቤት ተው።»
ስለ ባቡሩ ፊሽካ አልነገርኩትም፤
ብሬንትንም፣ «ከዝርዝርህ ሰርዘን» አላልኩትም።